የሚጋግረው አየሩ ነው፦ ስለ ኮንቬየር ኦቭን አያያዝ የተዘጋጀ ትምህርት

በፒዛ ቤት ኩሽና ውስጥ ጥሬው ሊጥ በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ በስሎ የሚወጣበትን ረጅም የብረት ሣጥን ታውቁታላችሁ። የዛሬው ትምህርት ስለ እሱ አያያዝ ነው። ብዙ ሰው ይህን ትምህርት ከብሩሽና ከካቻቢቴ ይጀምራል። እኛ ግን ከመሠረቱ እንጀምር፤ መሠረቱን የያዘ ሠራተኛ የቀረውን ሳይነገረው ይደርስበታል፤ ያልያዘው ግን መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ቢሸመድድም አዲስ ብልሽት በመጣ ቁጥር እንግዳ ይሆናል። መሠረቱም ይህ ነው፦ ይህ ኦቭን የሚጋግረው በእሳት ሳይሆን በአየር ነው። እሳቱ አየሩን ያሞቃል፤ ምግቡን የሚያበስለው አየሩ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ሙቅ ሣጥን ውስጥ ሲገባ የማይንቀሳቀስ ስስ የአየር ሽፋን በላዩ ላይ ይቀራል። የቆመ አየር ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ በተራ ኦቭን ውስጥ ያለ ፒዛ ጋቢ ተከናንቦ እሳት እንደሚሞቅ ሰው ነው፤ ሙቀቱ በዙሪያው አለ፣ ወደ ሰውነቱ ግን ቶሎ አይዘልቅም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶናልድ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ ባለሙያ ይህን ሽፋን የሚገፍ መላ አመጣ። የጋለው አየር በትናንሽ ቀዳዳዎች ተጨምቆ ከላይም ከታችም ቀጥታ ምግቡ ላይ እንዲወረወር አደረገ። ሚድልቢ ማርሻል እና ሊንከን የመሳሰሉት ስሞች የሚታወቁባቸው የፒዛ ኦቭኖች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ፒዛ በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ የሚደርሰው ከሌላው ኦቭን የበለጠ እሳት ስላለ አይደለም፤ ጋቢው ስለተገፈፈ ነው።

አሁን አየሩን እየተከተልን እንሂድ። ከኋላ ያለው ማራገቢያ አየሩን ከመጋገሪያው ክፍል ይስባል። አየሩ የጋዝ ነበልባል ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በሚያግለው በኩል ያልፍና ተገፍቶ ወደ ማከፋፈያው ይገባል። ከዚያ ባለሙያዎች ፊንገር ወደሚሏቸው ጠፍጣፋ የላሜራ ሣጥኖች ይሰራጫል። እነዚህ ፊንገሮች ምግቡን ከሚያሻግረው የሽቦ መረብ በላይና በታች ተደርድረዋል፤ ፊታቸው በቀዳዳ የተሞላ ነው። አየሩ ከቀዳዳው ተወርውሮ ምግቡን መትቶ ተመልሶ ወደ ማራገቢያው ይሄዳል። መንገዱ ክብ ነው። ክብ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ሲጠብ ጉዳቱ በዚያ ቦታ ብቻ አይቀርም፤ በሁሉም ቦታ ያለው ፍሰት ይቀንሳል፣ ወይም ባልተደፈነው በኩል በርትቶ ይወጣና አንዱን ጎን ያሳርራል።

ከዚህ መሠረት የሚከተለው የመጀመሪያው ትምህርት በመቆጣጠሪያው ማሳያ ላይ የሚታየውን የሙቀት ቁጥር ብቻ ማመን እንደማይገባ ነው። ቴርሞካፕል የሚባለው የሙቀት መለኪያ የሚለካው እሱ በተተከለበት ቦታ ያለውን የአየር ሙቀት ነው፤ የአየሩን ብዛትና ጉልበት አይለካም። ከታች ካሉት ቀዳዳዎች ግማሹ በፍርፋሪና በተጋገረ አይብ ቢደፈኑ እንኳ ቁጥሩ ያው 260 ሊል ይችላል። ፒዛው ግን ከሥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ብዙ ቤት የሚሠራው ስህተት ሙቀቱን ወደ 280 ማሳደግ ነው። ያን ጊዜ ከላይ ያልተደፈነው በኩል ያራል፣ ሥሩ አሁንም ይነጣል፣ በመጨረሻም ወቀሳው ሊጡን ባቦካው ላይ ያርፋል። በሳምንቱ ውስጥ ሙቀቱ ሁለት ጊዜ ከፍ የተደረገበት ኦቭን ካያችሁ የሙቀት ችግር አለበት ብላችሁ አትነሡ። በቅድሚያ የአየሩን መንገድ መርምሩ።

ፊንገሮቹን ማጽዳት የዚህ ሥራ እምብርት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኦቭኑ ይጠፋል፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዘቅዛል፣ ኤሌክትሪኩ ከብሬከሩ ይቆረጣል፣ ጋዙ ከቧንቧው ይዘጋል። ከዚህ ቅደም ተከተል የሚዘለል የለም። የጫፍ መዝጊያዎቹ ይወጣሉ፤ መረቡ ከነፍሬሙ ተስቦ ይወጣል፤ በትልልቆቹ ላይ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከዚያ ፊንገሮቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ከመነቀላቸው በፊት ግን እያንዳንዱ ላይ ምልክት ይደረግ፦ የላይ አንደኛ፣ የላይ ሁለተኛ፣ የታች አንደኛ እየተባለ፣ ከየትኛው ጫፍ መቁጠር እንደተጀመረም ጭምር። አንዳንዱ ፊንገር ውስጥ ያለው ቀዳዳ የበዛበት ሰሌዳ ከጎረቤቱ የተለየ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ አየር እንዳይወጣ ሆን ተብሎ የተደፈነ ሰሌዳ ይገባል። ይህ ድርድር ለዚያ ቤት ምግብ ተብሎ የተመረጠ ነው። ጽዳቱን አሳምሮ ሠርቶ ድርድሩን ያቀያየረ ሰው ከጽዳቱ በፊት ከነበረው የባሰ ኦቭን ያስረክባል፤ ባለቤቱም “ጽዳት አበላሸው” ይልና ለዓመት አያስነካውም። ስልክ በኪስ ባለበት ዘመን ፎቶ ሳያነሡ መንቀል ሰበብ የሌለው ስንፍና ነው።

ሰሌዳዎቹ ከፊንገሩ ተለያይተው ይቦረሻሉ። ልክ ያለው ሽቦ እያስገቡ ቀዳዳውን መክፈት ይቻላል፤ ማስፋት ግን አይገባም። ቀዳዳው ሲሰፋ አየሩ ጉልበቱን ያጣል፤ ጉልበት ያጣ አየር ደግሞ ሽፋኑን አይገፍም።

ስለ ማጽጃ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቅባት በማሟሟት የታወቀው ኮስቲክ ሶዳ፣ እሱ ያለበትም የኦቭን ማጽጃ ሁሉ፣ እዚህ አይገባም። የብዙዎቹ ኦቭኖች የውስጥ ላሜራ አሉሚኒየም የተለበጠ ብረት ነው፤ ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል። ለጊዜው ያበራል፣ በኋላ ብረቱ ተራቁቶ ይዝጋል። ለአሉሚኒየም የሚስማማ መሆኑ በላዩ የተጻፈበትን ማጽጃ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ሙቅ ውሃ፣ የሳህን ሳሙናና ትዕግሥት ይበቃሉ። የጎማ ውሃ ወይም የግፊት ማጠቢያ ወደ ኦቭኑ አካል ማዞር ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለው የሙቀት መከላከያ ጥጥ ውሃ ከጠጣ ሥራውን ያቆማል፤ ከዚያ ያለፈው ውሃ የኤሌክትሪክ ክፍሉን ያገኘዋል። ነቅላችሁ ወደ ማጠቢያው የወሰዳችሁትን ፊንገር እንደ ልባችሁ እጠቡት፤ የማይነቀለውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ይህ በየስንት ጊዜ ይደረግ? ሥራ የሚበዛበት ቤት በወር አንድ ጊዜ ያድርገው፤ ፋታ ያለው ቤት ሊያዘገየው ይችላል። የዕለቱ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ አጭርም ነው። የፍርፋሪ መቀበያዎቹ ይራገፋሉ፣ መረቡ ይቦረሻል፣ የማቀዝቀዣ ፋኖቹ ወንፊት ይጠረጋል። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ስለሚመስል ይረሳል። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውንና የሽቦ ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው ትንሹ ፋን የኩሽናውን አየር ነው የሚስበው፤ ያ አየር ዱቄትና ቅባት ይዟል። ወንፊቱ በዚህ ሲደፈን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ይግላል። አንዳንድ ሞዴል ራሱን ያጠፋል፤ ሌላው ዝም ብሎ ሰሌዳውን ያቃጥላል። በአንድ ብሩሽ የሚጠረግ ዱቄት የሰሌዳ ግዢ ሲያስከትል ማየት በጣም ያሳዝናል።

ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። አየሩ አብሳይ ከሆነ መረቡ ሰዓቱ ነው። ማሳያው 6 ደቂቃ ካለ ፒዛው 6 ደቂቃ ውስጥ መቆየት አለበት። እሱን ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ አንድ ትሪ መረቡ ላይ አኑሩ፣ የፊት ጠርዙ ወደ መጋገሪያው ሲገባ የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ አስነሡ፣ ያው የፊት ጠርዝ በሌላው በኩል ብቅ ሲል አቁሙ። የተገኘው ከማሳያው ጋር ካልተቀራረበ መረቡ እየተንሸራተተ ነው፣ ወይም ሞተሩ ደክሟል፣ ወይም ፍጥነቱን የሚያነበው ሴንሰር ቆሽሿል፣ ወይም ማስተካከያው ተዛብቷል።

መረቡ የላላ እንደሆነ የሚነዱት ጥርሶች ላይ ይዘላል፤ የጠበቀ እንደሆነ ዘንጉን፣ ኩሽኔታውንና ሞተሩን ይበላል። “ጠበቅ ያለ ይሻላል” የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። በትልልቆቹ የሚድልቢ ማርሻል ኦቭኖች ላይ መረቡ መሃሉ ላይ በእጅ ሲነሣ ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ለሌላው ሞዴል የራሱን መመሪያ ተመልከቱ። ማስተካከያ ብሎኖቹ አልቀው መረቡ አሁንም ከላላ አንድ ረድፍ ሽቦ ይቀነሳል። መልሳችሁ ስትገጥሙት ለስላሳው ፊት ወደ ላይ መሆኑንና የሽቦው መታጠፊያ መመሪያው ወደሚያሳየው አቅጣጫ መዞሩን ተመልከቱ፤ ተገልብጦ የገባ መረብ ጥርስ ይይዘዋል፣ ትሪም ያደናቅፋል።

መረቡ አንዴ እየሄደ አንዴ እየቆመ የሚያስቸግር ከሆነ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ጥርሱን ከዘንጉ ጋር ያሠረችውን ትንሽ የአለን ብሎን ፈትሹ። ስትላላ ሞተሩ ይዞራል፣ ጥርሱ ግን አይከተለውም። ካርቦን ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ካርቦኑ በየስድስት ወሩ ይታይ፤ 5 ሚሊሜትር ገደማ ከቀረው ይለወጥ። ማራገቢያው በቺንጋ የሚዞር አሮጌ ሞዴል ከሆነ የቺንጋው መሰነጣጠቅና መላላት በየወሩ ይመርመር፤ የላላ ቺንጋ የአየር ችግር መሆኑን አሁን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለ ነበልባሉ ባጭሩ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም የጋዙን ክፍል መፍታት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። ኦቭኑ ለኩሶ ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ነበልባሉን በምታነበው ዘንግ ላይ ነው። ይህች ዘንግ በነበልባሉ ውስጥ የሚያልፍ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ትለካለች፤ ጥላሸት ስትለብስ “እሳት የለም” ብላ ጋዙን ታስዘጋለች። በስስ የብረት ሱፍ ስትጠረግ ትነቃለች። ከተጠረገችም በኋላ ካልሆነ የመሬት ሽቦው በደንብ መታሠሩን፣ ፌዝና ኒውትራሉም አለመገላበጣቸውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይመልከት። ማራገቢያው ሳይነሣ እሳት የማይለኮሰው ደግሞ የአየሩን ግፊት የሚያረጋግጥ መቆጣጠሪያ ስላለ ነው። አንዳንድ ሰው እሱን በሽቦ አቋራጭ አልፎ ኦቭኑን “ይጠግናል።” ይህ ጥገና አይባልም፤ የማይናፈስ እሳት ሰው የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ማኖር ነው።

እስካሁን የተነገረው የትም ቦታ ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ግን የሚጨመር አለ፤ በተለይ ያገለገለ ኦቭን ከአሜሪካ ላስመጣ ወይም ዘመድ ለላከለት ሰው።

የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ለ60 የተሠራ ተራ የኤሲ ሞተር በ50 ላይ ሲዞር ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛው ይወርዳል፤ ማለትም ማራገቢያው 17 በመቶ ያህል ቀርፋፋ ይሆናል። በዚያ ላይ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይሞቃል። ባለቤቱ ስለ 220 ቮልት ጠይቆ ተስማምቶታል፤ ስለ ኸርዙ የጠየቀ ግን የለም። መሠረቱን የያዘ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፦ አየሩ ቀንሷል። ሞተሩ ለ50 ኸርዝ የተሠራ መሆኑን በስም ሰሌዳው ላይ አንብቡ፤ ካልሆነ ይለወጥ።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። ከቀዳዳው የሚወረወረው አየር ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ ከፍታ ቦታን አስቦ ያልተጻፈ የጊዜ ሠንጠረዥ እዚህ አይሠራም፤ ጥቂት መጨመር ይጠይቃል። ነበልባሉም ኦክስጅን ያጥረዋል። በአሜሪካ የተለመደው ቀመር ከ2,000 ጫማ በላይ ላለ ቦታ ከባሕር ወለል ጀምሮ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ከፍታ የጋዙን መጠን 4 በመቶ መቀነስ ነው። 2,350 ሜትር 7,700 ጫማ ያህል ስለሆነ ቅናሹ ወደ 30 በመቶ ይደርሳል ማለት ነው። የአምራቹ መመሪያ የተለየ ካዘዘ የእሱ ይቀድማል። ይህ ካልተደረገ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ይጥላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ አይሸትም፣ ይገድላል።

ሦስተኛው የጋዙ ዓይነት ነው። የአሜሪካው ኦቭን ብዙውን ጊዜ በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ የተዘጋጀ ነው፤ እኛ ያለን ሲሊንደር ነው። የሲሊንደሩ ጋዝ በመጠን እኩል ሆኖ በጉልበት ከእጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ኖዝሉም የግፊቱ መጠንም መለወጥ አለባቸው። “ለጊዜው እንሞክረው” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት።

አራተኛው መብራት መጥፋት ነው። ኦቭኑ በሥርዓት ሲጠፋ ማራገቢያው ወዲያው አይቆምም፤ ሙቀቱ እስኪወርድ፣ በብዙዎቹ ላይ እስከ 93 ዲግሪ ገደማ፣ እየዞረ ራሱንና ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ማታ ስትዘጉ ከብሬከሩ አትቁረጡት። መብራት በሥራ መሃል ሲሄድ ግን ይህ ማቀዝቀዝ ይቀራል። ያን ጊዜ ማብሪያዎቹን አጥፉ፣ ውስጥ የቀረውን ምግብ አውጡ፣ መስኮት ካለው እጃችሁን ከእንፋሎቱ እየጠበቃችሁ ክፈቱት። ማብሪያውን ሳታጠፉ ከተዋችሁት መብራቱ ሲመለስ ማንም በሌለበት ይነሣል።

አሁን ከሁሉ የምወደውን ክፍል ላስተምር፤ እሱም ፒዛውን እንደ ምስክር ማንበብ ነው። ዋጋው ርካሽ የሆነ ነጭ የተቆረጠ ዳቦ ግዙና በማራገቢያው በኩል ካለው የመረቡ ኋላ ጠርዝ እስከ ፊት ጠርዝ በአንድ መስመር ደርድራችሁ አሳልፉት። ሲወጣ ላዩንም ሥሩንም ተመልከቱ። ሁሉም ከላይ ቀልቶ ከሥር ከነጣ የታችኞቹ ፊንገሮች ተደፍነዋል፤ ፍርፋሪ ወደ ታች ስለሚወድቅ ይህ የተለመደው ነው። ኋላ በኩል ያለው ቀልቶ ፊት በኩል ያለው ከገረጣ አየሩ እስከ ፊንገሩ ጫፍ አልደረሰም፤ ማራገቢያው ደክሟል ወይም ፊንገሩ በቦታው በደንብ አልተቀመጠም። በመረቡ ርዝመት አንድ ጠባብ ነጭ መስመር ካለ የአንድ ረድፍ ቀዳዳ ተደፍኗል። ሁሉም እኩል ከገረጡ ፍጥነቱን፣ ሙቀቱንና የማራገቢያውን ዙር መርምሩ። ጠዋት ደህና ሆኖ ምሳ ሰዓት ላይ ከሚገረጣው ጋር ስትገናኙ ደግሞ ወደ ኦቭኑ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ቀና በሉ። የጭስ መሳቢያው በኃይል ሲስብ፣ ወይም በር ተከፍቶ ነፋስ በኦቭኑ አፍ በኩል ሲያልፍ፣ የጋለው አየር ከሁለቱ ጫፎች ይሰረቃል። ያ ኦቭን በሽታ የለበትም፤ ሙቀቱን የወሰደበት ክፍሉ ነው።

አንድ ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሣል፦ “እየሠራ ያለውን ለምን እንነካለን? ሲበላሽ እንጠግነዋለን” ይባላል። ለሌላ ዕቃ ይህ አንዳንዴ ያስኬድ ይሆናል። ኮንቬየር ኦቭን ግን አንድ ቀን ድንገት የሚበላሽ ዕቃ አይደለም፤ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እየደከመ ሙቀቱ እየተጨመረለት፣ ጊዜው እየተራዘመለት ይሄዳል። “እየሠራ ነው” የምትሉት በወር ውስጥ ከ6 ደቂቃ ወደ 8 ደቂቃ ያለፈውን ነው። በሰዓት የሚወጣው ፒዛ በሩብ ቀንሶ፣ ጋዙም እየነደደ። ስለዚህ ከኦቭኑ አጠገብ ደብተር ይኑር፤ የተጸዳበት ቀን፣ የተስተካከለው ሙቀትና ጊዜ፣ የተለወጠው ዕቃ ይጻፍበት። ከሁለት ወር በፊት በ250 የሚሠራው አሁን 275 ካስፈለገው ደብተሩ ራሱ ይከሳል።

የጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ ግን ይህን ሁሉ ተዉት። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። ማብሪያ አትንኩ፣ አታጥፉም አታብሩም፤ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ሰዉን አስወጡ። የሚያፈሰውን መገጣጠሚያ በኋላ በሳሙና አረፋ ፈልጉት፤ በክብሪት የፈለገ ሰው ሁለተኛ አይፈልግም።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ኦቭኑ ቀዝቃዛ ሳለ፣ መብራቱንና ጋዙን ዘግታችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ከታችኞቹ ፊንገሮች አንዱን ብቻ አውጡ፣ ሰሌዳውን ለዩና ቀዳዳዎቹን ወደ መስኮት ብርሃን አዙራችሁ ቁጠሩ። ብርሃን የማያሳልፉት ከበዙ ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት ብሩሹን አንሡ።